በአንድ ፍሬ ማሽላ የሚያሻግረው አሞራ

ተረት ተረት፤ ክፉውን ያርቅልን፣ በጎውን ያሰማን።

ንስር በሙሉ ነዶ የሚያሻግረውን ገደል፣ አያ አሞራ በአንድ ፍሬ ማሽላ ማሻገር ጀመረና ድሃው ሁሉ ጎረፈለት። ሰልፉ ሲበዛበት፣ በአንዱና በሌላው ጉዞ መሐል አርፎ ላባውን በመንቁሩ ማበጀቱን ተወ። አይጥም ልጆቿን ለሚቀጥለው ምልልስ አሰልፋ ቀድማ ተሳፈረች። ገደሉ መሐል ሲደርሱ አንድ ላባ ተነቅሎ ቁልቁል ሄደ።

«ኧረ አያ አሞራ፣ ላባህ ወደቀ!»

«አይዞሽ እመት አይጥ፣ ሌላ ሞልቶኛል። ይልቅ አጥብቀሽ ያዢ!»

ሦስት ላባ ረግፎ፣ በእግዜር ቸርነት ደረሱ። እሷን እንዳወረደ ወዲያው ተመልሶ በረረ።

«ልጆቼ፣ እንዳትሳፈሩ!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ገደሉን አልተሻገረም። ልጆቿ እየተሽቀዳደሙ ጀርባው ላይ ወጡ። አሞራው ክንፉን ሲዘረጋ፣ በላባዎቹ መሐል ሰማዩ ይታያል።

ተረቴን እዚህ ላይ አሰርኩ፤ መንገደኛውን ሁሉ እግዜር በሰላም ያግባው።