ከአጥሩ ውጭ የቀረው ወንድም

አንዲት የነርስነት ተማሪ አስተማሪዋን ሲስተር ዘነቡን፣ «ታማሚ ሲሞት ለቅርብ ሰው እውነቱን በግልጽ ከነገርኩ ሥራዬን ጨርሻለሁ። የአገሩ ወግና የዘመዱ ነገር እኔን ምን አገባኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሲስተር ዘነቡም እንዲህ አሉ።

አንዲት ነርስ ነበረች። በከተማ ሆስፒታል የምትሠራ፣ እጇ ቀልጣፋ፣ ደንብ አክባሪ። አንድ ገበሬ የታመመች ሚስቱን ከሩቅ አገር ይዞ መጣ። የሚስቱ ታናሽ ወንድምም አብሮት ነበረ። ገበሬው ገና በመጡበት ዕለት፣ «እህቴ፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ለብቻዬ አትንገሪኝ፤ እሱን ጥሪው። በእኛ አገር ሰው መርዶ ለብቻው አይሰማም» አላት።

«ደንቡ አንድ አስታማሚ ብቻ ነው» አለችው። ወንድምየው ስምንት ቀን ሙሉ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ተቀምጦ ሰነበተ።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ገበሬው መድኃኒት ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ሚስቱ አርፋለች። ነርሷን ሌላ ታማሚ ይጠብቃት ነበር። ኮሪደር ላይ አቁማው፣ «አባቴ፣ ባለቤትዎ አርፈዋል። እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለችው።

ገበሬው አላለቀሰም። የያዘውን መድኃኒት ዘረጋላትና፣ «ታዲያ ይሄን ለማን ልስጥ?» አላት። ከዚያ በአውራ ጣቱ ፈረመ።

የግቢው በር ላይ ወንድምየው ብድግ ብሎ፣ «እንዴት ሆነች?» አለው። ገበሬው አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣ አለው። የሚያረዳ ሽማግሌ የለ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ጎረቤት የለ። በመጨረሻ፣ «ዛሬ ይዣት እመጣለሁ፤ አንተ ቅደም» አለ።

ወንድምየው ዳነች ብሎ በደስታ ቀደመ። ለእናቱም ነገረ። አሮጊቷ ጎረቤት ጠርታ ቤቱን ቄጠማ አስጎዘጎዘች። አመሻሽ ላይ የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ከሁሉ ቀድማ እልል እያለች ወጣች። የመኪናው በር ሲከፈት ያየችው ሳጥን ነው።

ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ፣ «በልጄ ሬሳ ላይ እልል ያልኩ ነኝ» እያለች ከሰው ራቀች። ወንድምየውም ገበሬውን ዓይንህን አልይ አለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነርሷ እዚያው ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ቤት ለቤት ስትዞር ከገበሬው ደጅ ደረሰች። አወቃት። በርጩማ አወጣላትና የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«አንቺን አልቀየምኩም፤ የተቀየምኩት ምላሴን ነው» አላት። «ግን እሱን አስገብተሽው ቢሆን ኖሮ አብረን እናለቅስ ነበር።»

ነርሷ በማግስቱ ሽማግሌዎች ይዛ ወንድምየው ቤት ሄደች። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። እሱም አነሳት፤ ከገበሬውም ጋር ታረቀ። አሮጊቷ ግን ወር ቀድማ ሞታ ነበር። እሷን ይቅርታ የሚጠይቅ አልደረሰላትም።

ሲስተር ዘነቡ ወደ ተማሪዋ ዘወር አሉ።

«አየሽ ልጄ፣ ያቺ ነርስ አንዲት ቃል አልዋሸችም። አንቺም እንደ እሷ እውነቱን ተናግረሽ ጨረስኩ ትያለሽ። ሆስፒታልም ሥሪ፣ የሰው ቤትም ሂጂ፣ አልጋው ላይ ያለው ካለፈ በኋላ ታማሚዎችሽ ቤተሰቦቹ ናቸው። ኀዘናቸውን እንዴት እንደሚቀበሉት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አንቺ ጠይቂ። ከመናገርሽ በፊት፣ ‹ማን አብሮዎት ይሁን?› በይ። ያቺ ነርስ ግን ለዚህች ጥያቄ ጊዜ አልሰጠችም።»