ዋንዛውን የተጠጋው አበባ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምሬ ላቀው፣ ሽብሩ ጥያቄውን በወጉ ሳይጨርስ።

ሽብሩ የንስሐ ልጃቸው ነው። የመጣው ስለ እህቱ ሊጠይቅ ነበር። እህቱ ትዳሯ ፈርሶ ልጇን ይዛ እሱ ቤት ከተጠጋች ወዲህ እህል በአፉ አልዞር ብሎታል። «አባቴ፣ ሰዉ ሁሉ ‹ጥገኛ ቤት ያደርቃል› ይለኛል። ላስወጣት ወይስ ልተዋት?» አለ፣ ከማተቡ ጋር አብሮ ያሰረውን የጓዳ ቁልፍ በጣቱ እያሻሸ። መምሬ ቁልፉን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። እንዲህ ብለውም ቀጠሉ፦

አንድ ሰው ነበረ። አስተዋይ ሰው ነበረ፤ ያጠፋውም አስተዋይነቱ ነው።

ይህ ሰው ኦርኪድ የሚባለውን አበባ ይወድ ነበር። የእሱ አገር ኦርኪድ አፈር አይፈልግም፤ ዛፍ ተጠግቶ፣ ሥሩን እንደ ሽበት አየር ላይ ለቆ የሚኖር ኩሩ ፍጥረት ነው። ሰውዬው ጫካ ውስጥ ነፋስ ከጣላቸው ዛፎች ላይ እየለቀመ ያመጣል። ትንንሾቹን የተሰነጠቀ ገንቦ በከሰል ሞልቶ በረንዳው ላይ አሳደገ፤ ትልልቆቹን ግቢው መካከል ከቆመው ዋንዛ ግንድ ላይ በቃጫ አሰረ። ጧት ጧት ጤዛው ሳይደርቅ ይወጣና ‹እንዴት አደራችሁ› ይላቸዋል። ከዘመዶቹ ይልቅ እነሱ ይስማሙታል፤ አበባ ‹ለቅሶዬን ቀረህ› ብሎ አይቀየምም። ሲመሻሽ ነጫጮቹ ይፈኩና ሽታቸው እስከ አጥሩ ይደርሳል፤ እሱም ወንበሩን አውጥቶ ከሥራቸው ይቀመጣል። ደስ ብሎት እንደነበር ያወቀው ግን ደስታው ካለፈ በኋላ ነው።

አንድ ቀን የዕድሩ ዳኛ መጣ። ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ቀና ብሎ ዋንዛውን አየና፣

‹ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ጥገኛ ነው› አለ።

‹ምን ማለትህ ነው?›

‹ዛፉን ይመጥጠዋላ! ሌላ ምን ሥራ አለው?›

ዳኛው እራቱን በልቶ፣ ጠላውን አስደግሞ ሄደ። ቃሉ ግን አልሄደም።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው አበባውን ማየት ትቶ ዛፉን ያይ ጀመር። አንድ ቅጠል ሲወድቅ ልቡ አብሮ ይወድቃል። ቅጠሉን ያነሣና ያገላብጠዋል፤ ለብርሃን ያሳየዋል፤ እንደ በሽተኛ ምላስ ይመረምረዋል።

‹በጋ ነው እኮ! ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ለዚህ አገር እንግዳ ነህ እንዴ?› ትለዋለች ሚስቱ።

‹አምና እንዲህ አልነበረም።›

‹አምናማ ቅጠሉን የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ አንተ በምን ታውቃለህ?›

አበባው በፋፋ ቁጥር ዛፉ የከሳ መሰለው። ማታ ሽታው ሲመጣ ‹ይህ የማን ደም ነው?› እያለ አፍንጫውን ይይዛል። እህል ጠላ፤ ጉንጩ ጎደጎደ።

‹ዛፉን እንጃ› አለች ሚስቱ፣ ‹አንተን ግን መጥጦ ጨርሶሃል።›

ቆርጦ እንዳይጥለው አበባው ያሳዝነዋል፤ እንዳይተወው ዛፉ ያሳሳዋል። ፍርድ አዋቂ ነበረና ሳይመረምር መፍረድ አልፈለገም። ቢላዋ አነሣ። ከአንዱ ሥር አጠገብ ቅርፊቱን ላጥ አድርጎ አየ። ሥሩ በላይ በላዩ ሄዷል እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እሱ ግን ‹ሌባ በበር ይገባል እንዴ?› አለና ጎኑን ላጠ። እዚያም የለም። ባያገኝ ጊዜ ጥርጣሬው ባሰ፤ መደበቅ የሚችል ጥገኛ ከማይችለው ይከፋልና። እንዲህ እያለ ግንዱን ዙሪያውን እንደ መቀነት ላጠው። በመካከል የቀረች ቅርፊት አልነበረችም።

የገባ ሥር የለም። ‹ንጹሕ ነው! ለካ ንጹሕ ነው!› እያለ ወደ ቤት ሮጠ። ያን ቀን ምሳውን ጠርጎ በላ።

ሚስቱ ወጥታ አይታ ተመለሰች። ‹ዛፉን ምን አደረግኸው?›

‹መረመርኩት።›

መሬት የሚመነጥር ገበሬ ትልቅ ዛፍ ማድረቅ ሲፈልግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ወገቡን ዙሪያውን ይልጠውና ትቶት ይሄዳል።

ክረምት ገባ። የጎረቤቱ ዛፍ ሁሉ ሲያቆጠቁጥ ዋንዛው እንደ ደረቀ ቀረ። በደረቀው ግንድ ላይ ኦርኪዱ ነጭ ሆኖ አበበ። ወትሮም ሲጠጣ የኖረው ጉሙንና ዝናቡን ነበር።

የዕድሩ ዳኛ ተመልሶ መጣ። ቀና ብሎ አየና ‹አላልኩህም?› አለ።

ሰውዬው አፉን ከፈተ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ‹ብለኸኝ ነበር› አለ፤ ለዳኛውም ጠላ እንዲቀዳለት አዘዘ።

መምሬ ላቀው ይህን ብለው ወደ ሽብሩ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የአበባ ነገር አላውቅም። ዋንዛው ቤትህ ነው። አበባው እህትህ ናት። ዳኛውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ትናንት እራት አንተ ቤት በልቷል አሉ። እህትህ ምን እንደምትወስድ ለማወቅ ሊጥ ትለካለህ፤ ሚስትህን ምስክር ታቆማለህ፤ የገዛ ልጆችህ ሳይቀሩ ከመጉረሳቸው በፊት ዓይንህን ያያሉ። እህትህ የወሰደችው ነገር የለ ይሆናል። ምርመራህ ግን ቤትህን ዞሮ ሊገጥም ትንሽ ቀርቶታል።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ ቢላዋ አላነሣሁም» አለ ሽብሩ።

መምሬ እጃቸውን ዘርግተው ማተቡ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ነካ አደረጉት።

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»