ያልተወለደችው ጥጃ

የባለቤቴ የልሳነወርቅ መርዶ በደረሰኝ ዕለት፣ ትሁት ሌላ ቤተ ሙከራ ከሚሠሩ ጓደኞቿ ጋር ተደጋግፋ እያለቀሰች ገባች። እሱ ሥራው ቤተ ሙከራዎች ዘር ሲሰጣጡ የሚፈራረሙትን ውል መጻፍ ነበር፤ እሷ ደግሞ ተመራማሪ ናት። ሳያቸው፣ አንድ ቀን ቤታችን መጥታ ልሳነወርቅን የጠየቀችው ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ የገብስ ዘራችንን የሚወስዱት ጓደኞቼ ናቸው። ውል ፈርሙ ብላቸው አላመንሽንም ብለው አይቀየሙኝም?»

እሱም እንዲህ አላት።

«አንድ ገበሬ ነበረ። ጥሩ ላም ነበረችው፤ ግጦሽ ግን አልነበረውም። ግጦሽ ያለው አብሮ አደጉ ወተቷን እየጠጣ እንዲያረባለት ላሟን ለርቢ ሰጠው። ሽማግሌ ይጠራ ቢሉት፣ ‹ከወንድሜ ጋር ምን ውል ያስፈልገኛል!› ብሎ አፈረ።

«ላሟ ሴት ጥጃ ወለደች። ገበሬው ጥጃዋን ለእርጅናው ሲያልማት፣ አብሮ አደጉ እህቱን ሲድር ለሙሽሮቹ ሰጣት። ገበሬው ይህን ሲሰማ ሰላምታ ነሳው።

«አብሮ አደጉ እያዘነ መጣ። ‹ቅቤውን ሳልሰስት ስልክልህ ኖሬያለሁ። ጥጃዋ የማን እንደሆነች ግን መቼ ነገርከኝ?› አለው።

«ወዳጁ ሌባ አልነበረም፤ ገበሬውም ጥጃዋ የማን እንደምትሆን አስቀድሞ አልተናገረም። ብዙ አሰበና፣ ‹ላሟ ዳግም አርግዛለች። የሄደችውን እንተው፤ በሆዷ ስላለው እንነጋገር› አለ። ሽማግሌ ጠሩ። የሚወለደው የሁለቱም እንዲሆን፣ አንዱ ያለሌላው ፈቃድ ለሦስተኛ ሰው እንዳይሰጥ ተስማሙ። ያን ቀን በአንድ ገበታ በሉ።»

ከዚያ ወደ ትሁት ዞረ። «ልጄ፣ ዘርሽ ላሚቱ ናት። እነሱ ከሱ አዳቅለው የሚያወጡት አዲስ ዘር ጥጃዋ ናት። ጥጃዋ ሳትወለድ ተነጋገሩ። ውል የሚጻፈው ለሌባ አይደለም፤ ወዳጅ እንዳይጠፋ ነው።»

«እነሱ ግን ቢቀየሙኝስ?»

ወደ እኔ እያየ ሳቀ። «ይቺን ሴት በሰማንያ ያገባኋት ጠርጥሬያት ነው እንዴ?»

«እኔ ግን ጠርጥሬህ ነበር» አልኩት። ትሁት በሳቅ ፈረሰች።

ውሉን ጻፉ፤ ጓደኞቿም ሳይቀየሙ ፈረሙ። ከዚያ ገብስ ሌላ ገብስ ወጣ፤ ማንም ከማንም አልተጣላም። በመርዶው ዕለት ተደጋግፈው የገቡት እነዚያው ናቸው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ወዳጆችን ሲያስማማ ለኖረው ለልሳነወርቅ ጸልዩለት፤ ነፍሱን ይማርልን በሉ።