ኤሊና ሦስተኛው አዝመራ

አንድ ጊዜ፣ ሚዳቋና ድኩላ ከአገሩ ጠፍተው አያ አንበሶ እንኳ በስንዴ ቂጣ መኖር በለመደበት ዘመን፣ እህል ሰፋሪዋ እመት ኤሊ ነበረች። ስትሄድ ቀርፋፋ ናት፤ ስትሰፍር ግን አትሳሳትም። ቁናውን ሞልታ አፉን በእግሯ ትደለድላለች፤ መሬት የወደቀውን ፍሬም አንድ በአንድ ለቅማ ትመልሳለች። ሥራው ሳያልቅ ደግሞ ስለ ሥራው አትናገርም። በዚህ ጠባይዋ ትኮራ ነበር፤ ምነው ባልኮራች።

በዚያን ጊዜ የአራዊቱን ማሳ የሚያርሱት ሁለት ነበሩ። እመት አህዪት ፍግ፣ ገለባና ቅጠል ከምራ፣ አገላብጣና አብላልታ መሬቱን ታበላለች። እመት ቀበሮ ግን አንድ ቀን ከሰው መንደር ነጭ ማዳበሪያ በጆንያ ይዛ መጣችና «ከእንግዲህ ፍግ ማን ይሸከማል?» ማለት ጀመረች። ክርክሩ ሲበዛ አንበሳ ሁለቱንም አስጠራቸው።

«ማሳው ለሁለት ይከፈል» አለ። «ግማሹን አህያ በፍጓ፣ ግማሹን ቀበሮ በማዳበሪያዋ ታልማው። ዘሩ አንድ ዓይነት ይሁን። ሦስት አዝመራ እናያለን። የምርቱን ብዛትም፣ የፍሬውን ጥራትም ኤሊ ትለካለች። ያሸነፈች ማሳውን በሙሉ ትወስዳለች።»

«የተሸነፈችውስ ጌታዬ?» አለ ጅብ ከኋላ ሆኖ።

«የሚያርስን ማንም አይብላው ብዬ አውጄአለሁ። ማሳ የሌለው ግን አራሽ አይባልም።»

ጅብ ነገሩ ሲገባው ምራቁን ዋጠና አህያን ከእግር እስከ ራሷ አያት። ቀበሮ ብትሸነፍ ሮጣ ታመልጣለች፤ አህዪት ግን አርጅታለች፣ ጉልበቷም አልቋል። ይህን ሁሉም ያውቁት ነበር።

ዘሩ ከተዘራ በኋላ ኤሊ በየሳምንቱ እየመጣች የቡቃያውን ቁመት ትለካ ጀመር። የቀበሮ ስንዴ ጠቁሮ ተመነደገ። የአህዪት አጠር ያለና ሳሳ ያለ ነበር።

«አይክፋሽ እህቴ» አለች አህዪት፣ የኤሊ ሐሳብ ገብቷት። «ይሄ መሬት ስንት ዘመን ተርቦ የኖረ ነው። መጀመሪያ እሱ ራሱ ይብላ፤ ሲጠግብ እኛን ያበላናል። ለዚህ ነው ሦስት አዝመራ ሲባል ደስ ያለኝ።»

ከዚያም ወደ ክምሯ እየመራቻት፣ «እስቲ ነይ፣ እንዴት እንደማበላላው ላሳይሽ» አለቻት። «ምን ከምን በኋላ እንደሚነባበር፣ እርጥበቱ ምን ያህል ሲሆን እንደሚበቃው፣ መቼ እንደሚገለበጥ። እናቴ ያሳየችኝ ነው፤ እኔ ደግሞ የማሳየው ልጅ አልወለድኩም። እንግዲህ አንድ የሚያውቅልኝ ይኑር።»

ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ሰበሰበች። «አሁን አይሆንም እመት አህዪት። ላንቺ አደላች ይሉኛል። ሦስተኛው አዝመራ ይለቅና ታሳዪኛለሽ።»

«እንዳልሽ ይሁን» አለች አህዪት፣ ክምሯንም ብቻዋን ማገላበጥ ቀጠለች።

የመጀመሪያው አዝመራ ታጭዶ አውድማ ላይ ተወቃ። ኤሊ ሰፈረች፤ የቀበሮ አርባ ቁና፣ የአህዪት ሃያ ስምንት። ኤሊ ግን በዚህ አላበቃችም። ከሁለቱም እፍኝ እፍኝ ወስዳ ውኃ ውስጥ ጨመረችው። የአህዪት ፍሬ አንድም ሳይቀር ሰጠመ፤ ከቀበሮው ግን ብዙው ቀላል ነበርና ተንሳፈፈ። ኤሊ ገረማት። ሆኖም አንድ ጊዜ ብቻ ያየችው ነገር ነበርና ለማንም አልተናገረችም። ነቀዝ የትኛውን እንደሚደፍር ለማየትም ከሁለቱ ስንዴ በሁለት ቅል ሞልታ ዋሻዋ ውስጥ አስቀመጠች።

ቀበሮ በበኩሏ ወደ አንበሳ ጠጋ ብላ ነበር። «ጌታዬ፣ የተራበ ሆድ ሦስት ዓመት ይጠብቃል እንዴ? እኔን አይመኑኝ፤ ኤሊን ይጠይቋት። እሷ ውሸት አታውቅም።»

አንበሳ ሸንጎውን ሰብስቦ፣ «ኤሊ፣ የማን በለጠ?» አለ።

«በዘንድሮው ስፍር የቀበሮ በልጧል ጌታዬ። አርባ ቁና በሃያ ስምንት።»

«ሌላ የምትጨምሪው አለ?»

አህዪት ቀና ብላ አየቻት። ኤሊ የሰጠመውን ፍሬ አሰበች፣ ያልተከፈቱትን ቅሎች አሰበች። ምርመራውን ገና አልጨረሰችውም። ደግሞስ ሁለት አዝመራ ይቀር የለም?

«ያለቀ ነገር የለኝም» አለች።

«እንግዲያው ምን እንጠብቃለን? ማሳው በሙሉ የቀበሮ ነው» ብሎ አንበሳ ተነሣ።

ኤሊ ደነገጠች። «ጌታዬ፣ ገና...» ብላ እስክትጀምር ሸንጎው ተበትኗል። አህዪት በአጠገቧ ስታልፍ ቆም አለች። «ራስሽን አትውቀሺ፣ እውነቱን ነው የተናገርሽው» አለቻትና ወደ ክምሯ አዘገመች። ከሦስት ቀን በኋላ ጅብ በላት።

ቀበሮ ማሳውን ተረከበች። ማዳበሪያዋ የሚበቃው ለራሷ ግማሽ ብቻ ስለነበር፣ የአህዪትን ግማሽ እንዲያው ዘር በትናበት ትሄድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የሁለቱ ምርት እኩል ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ቡቃያው እሸት ሳይዝ ዝናቡ ቆመ። የቀበሮ ስንዴ ቆሞ ደረቀ። አህዪት ያበላችው አፈር ግን እርጥበቱን ይዞ ቆየና ፍሬ አፈራ። ኤሊ ሰፈረች፤ የቀበሮ ግማሽ ስድስት ቁና፣ የአህዪት ሃያ አንድ። ቅሎቹን ከፈተች። በቀበሮ ቅል ውስጥ ከነቀዝ የተረፈው ዱቄት ብቻ ነበር፤ የአህዪት ስንዴ እንደተቀመጠ ነው።

ኤሊ ሁለቱን ቅሎች እየጎተተች ከጠዋት እስከ ቀትር ተጓዘች። አንበሳን አጥንቱ ወጥቶ አገኘችው።

«አለቀ ጌታዬ» አለች፤ ያየችውንም አንድ በአንድ ነገረችው።

አንበሳ ከአህዪት ስንዴ በመዳፉ ዘግኖ ብዙ ጊዜ አየው። «እንግዲህ ማሳው በሙሉ በፍግ ይልማ። አህዪት ክምሩን እንዴት ነበር የምታበላላው?»

ቀበሮና ጅብም እዚያው ነበሩ። ቀበሮ መሬት መሬት እያየች፣ «እኔ የማውቀው ጆንያ መፍታት ነው» አለች። አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ።

«እኔ ፍጉን አልነካሁም ጌታዬ» አለ ጅብ ፈጠን ብሎ። «የበላሁት እሷን ብቻ ነው።»

አንበሳ ፊቱን ወደ ኤሊ መለሰ።

«አንቺስ ኤሊ? በየሳምንቱ ትመላለሺ አልነበር? ምንም አላሳየችሽም?»

«ላሳይሽ ብላኝ ነበር።»

«እና?»

«ሦስተኛው አዝመራ ይለቅ አልኳት።»

ኤሊ ከዚያ ተነሥታ ክምሩ ወደነበረበት ቦታ ሄደች። ክምሩ ወርዶ ሣር በቅሎበታል። በፊት እግሯ ጫር ጫር አድርጋ አሸተተችው። ይርጠብ ይድረቅ፣ ይገልበጥ ይቆይ፣ አታውቅም። የሁለቱን ማሳ ልክ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በቃሏ ታውቃለች። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጣ «እህቴ» ብላ አለቀሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ የጀመርነው ምርመራ ገና አለማለቁንና እስካሁን ያየነውን በጊዜው ካልተናገርን እውነት ብንናገርም ከበደል እንደማንድን፣ ዐዋቂም «ላሳይህ» ሲለን ነገ ከማለት ዛሬውኑ መማር እንደሚገባን ነው።