ሽኮኮና የማያብረቀርቀው ማንቆርቆሪያ

ተረት ልጀምር ነው። ላም ያለው ላሙን ይሰር፣ ጆሮ ያለው ጆሮውን ይፍታ። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከአሁኑ ይውጣ፤ እኔ ወሬ መድገም አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም ሸክላም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ገደል ላይ እመት ሽኮኮ የምትባል እናት ትኖር ነበር። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ስሙ ድንቡሼ። ክረምት ገባና ድንቡሼን ሳል ያዘው። ያስለዋል፣ ያስለዋል፣ እህልም እምቢ አለ። ሐኪሙ አባ ኤሊ እያዘገመ መጣ፤ የልጁን ደረት አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ጦስኝ በሸክላ ዘፍዝፊና ሦስት ቀን በትኩሱ አጠጪው» አላት። «ሸክላው ግን ቀለም የተቀባ እንዳይሆን። የሚዳቋዋን ግልገል የገደለው ሳሉ እንዳይመስልሽ፤ የጠጣበት ዕቃ ቀለም ነው።»

እሺ፣ ሸክላ ከየት ይምጣ? የእመት ሽኮኮ ማሰሮ አምና ተሰብሯል። ከእሱ የተረፈው ፍም የምትጭርበት አንድ ገል ብቻ ነው። ሸክላ ደግሞ ያለ ፀሐይ አይደርቅም፤ ስለዚህ የአገሩ ሸክላ ሠሪዎች ክረምቱን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ጉሊት ላይ የሚገኘው እመት ጦጢት ከቻይና ያስመጣችው ርካሽ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። እመት ሽኮኮ ደግሞ በዕድሜዋ የቻይና ሸክላ ነክታ አታውቅም።

«ባላውቅ እማራለሁ» አለች። «ልጄ ዓይኔ እያየ አይሞትም።»

አንድ ቁና በለስ ተሸክማ ወረደች። እመት ጦጢት ሦስት ማንቆርቆሪያ ጆንያ ላይ ደርድራለች፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ከኋላ የተወሸቀ አቧራ የለበሰ ዳማ።

«እኔን ውሰጂኝ» አለ ጥቁሩ። «በቻይና ምርጡ የሸክላ አፈር የሚቆፈርበት የዝነኛው ተራራ ልጅ ነኝ።»

በእመት ሽኮኮ አገር ጥቁር ሸክላ ማለት ጭስ የጠገበ፣ እሳት የፈተነው ማለት ነው። እናቷም አያቷም እንዲህ ነው የሚመርጡት። ስለዚህ አላመነታችም፤ በለሷን ሰጥታ ይዛው ሄደች ከማለት ይዛው ሮጠች ማለት ይቀላል። ቤት ደርሳ ሙቅ ውሃ ብትጨምርበት ውሃው ጠቆረ። ድንቡሼ ጠምቶት አፉን አስጠግቶ ነበር፤ ከከንፈሩ ላይ መንጭቃ ደፋችው።

ገሉ ከምድጃው ዳር ሳቀ። «ጭስና ቀለም አንድ መሰለሽ?»

በማግስቱ ጥቁሩን መልሳ ቀዩን አነሳች። አሁንስ ነቅቻለሁ ብላ፣ ሸክላ ገዢ ሁሉ እንደሚያደርገው በጣቷ አንኳኳችው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ሰማሽ?» አለ ቀዩ። «እኔ የዝነኛው ተራራ የአናቱ አፈር ነኝ።»

ቤት ገብታ ሙቅ ውሃ ጨመረችበት። ውሃው አልጠቆረም፤ ደስ አላት። አፍንጫዋን ስታስጠጋ ግን የጫማ ቀለም ሸተታት። ደፋችው። ድንቡሼ ያን ጊዜ ድምፁ ተዘግቶ ያለ ድምፅ ነበር የሚስለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እመት ሽኮኮ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ምድጃው ዞረች።

«አያ ገል፣ ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«እኔ ስባሪ ምን እረባሻለሁ?»

«ስባሪ ስለሆንክ ውስጥህ ይታያል። የሸክላ ውስጡ ምን እንደሚመስል አሳየኝ።»

ገሉን ደነቀው። የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅማ! ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ውስጤና ውጪዬ አንድ ነው፤ እዪኝ» አላት። «በምላስሽ ንኪኝ፤ እርጥበቱን ስለምጠጣው ያዝ ያደርግሻል። ማንቆርቆሪያውን ደግሞ ክዳኑን አንሺና ከከንፈሩ ሥር እዪ። የቀቢ እጅ እዚያ ለመድረስ ይሰንፋል።»

በሦስተኛው ቀን ቀዩንና ገሉን ይዛ በዝናብ ወረደች።

«ደግሞ መጣሽ?» አለች እመት ጦጢት። «ሽኮኮም ሸክላ አዋቂ ሆነች?»

«ገና እየተማርኩ ነው። ሙቅ ውሃ አምጪልኝ።»

ገበያተኛው ተሰበሰበ። እመት ሽኮኮ ገሉን አወጣችና፣ «ከክዳናችሁ ሥር ልጭራችሁ ነው» አለች።

«የተራራው ልጅ በስባሪ ይጫራል?» አለ ጥቁሩ።

«ክብሬን አልሸጥም» አለ ቀዩ፤ ክዳኑን ጥርቅም አደረገ።

አቧራ የለበሰው ዳማ ግን፣ «ጫሪኝ» አለ።

«አንተስ የየትኛው ተራራ ልጅ ነህ?»

«አላውቅም። ርካሽ አፈር ነኝ፤ ከየት እንደተቆፈርኩ የነገረኝ የለም።»

ጫረችው። ከላይ ዳማ፣ ከሥር ዳማ። ምላሷን አስነካችው፤ ያዝ አደረጋት። ሙቅ ውሃ ጨመረችበት፤ ውሃው ሳይጠቁር ጠርቶ ወጣ፤ የሸተታትም ዝናብ የነካው መሬት ብቻ ነው።

«ከተራራው አይደለም እኮ» አለች እመት ጦጢት። «ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትዪ።»

«እኔ ተራራ ልገዛ አልመጣሁም» አለች እመት ሽኮኮ። «የልጄን ደረት ላድን ነው የመጣሁት።»

ቀዩን መልሳ ዳማውን ይዛ ገባችና ድንቡሼን አንድ ቀን ጦስኝ አጠጣችው፣ ያስለዋል። ሁለተኛ ቀን አጠጣችው፣ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድንቡሼ ዓይኑን ገለጠና፣ «እማዬ፣ ራበኝ» አለ። እመት ሽኮኮ ምድጃው ዳር ከገሉና ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ቁጭ አለች።

የሸክላን ዘር አፉ ይናገራል፤ ጠባዩን ግን ሙቅ ውሃ ያወጣዋል። «አላውቅም» ያለውን አትናቁ።

በሉ ጨረስኩ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ጦስኝ አምጡልኝ። የምታመጡበትን ዕቃ ግን ክዳኑን አንስቼ አያለሁ።