ጭልፋው የታለ?

አንድ ሰው ለትምህርት ወደ ሩቅ የሰሜን አገር ሄዶ ብዙ ዓመት ቆየ። በእናቷ ሆድ ሳለች ጥሏት የሄዳት ልጁ ረድኤት፣ ሲመለስ የፊት ጥርሷን ነቅላ ጠበቀችው። እናቷ "አባትሽ ነው" ብትላትም ልጅቷ "ጋሼ" ነበር የምትለው።

ወገኖቼ፣ ደክሞት የተመለሰ ሰው በገዛ ልጁ አፍ "ጋሼ" ሲባል ምን ይሰማዋል?

አንድ ምሽት ከራት በኋላ መብራት ጠፋ። ሰውየው ልጁን ወደ ግቢ አወጣት።

"ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ሰማይ ላይ ጭልፋ አለ፤ ሰባት ኮከቦች የሠሩት። እዚያ አገር ሲከፋኝ እሱን ነበር የማየው።" ጣቱን ቀስሮ ሊቆጥር ሲል ልጅቷ እጁን ያዘችው።

"ኧረ ጋሼ፣ ኮከብ አይቁጠሩ! ኪንታሮት ያወጣብዎታል!"

እጁን ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነበር።

ፈለገ። እዚያ አገር ሁልጊዜ በሚያየው በኩል፣ ከፍ አድርጎ ፈለገ። የለም። ያ ጭልፋ እኛ አገር ዝቅ ብሎ እንደሚወጣ፣ በዚያ ወር ደግሞ በምሽት ከተራራው ጀርባ እንደሚሆን አላሰበም።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ "ሰማዩንም ይዘኸው የመጣህ መስሎህ ነው?" ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። "እዚያ ጋ ነው! በደንብ እዪ እንጂ!" ብሎ ልጅቷን ተቆጣት።

ረድኤት በርዷታል፤ እንቅልፏም መጥቷል። ቀና ብላ ባዶውን ቦታ አየችና፣ "አየሁት ጋሼ። በጣም ያምራል" አለች።

ምን ያድርግ? ዝም ቢል ሁሉም በሰላም ይተኛል። እሱም ለአንድ ምሽት አባት ይመስላል።

አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "እኔ ግን አላየሁትም፣ ረድኤት። የት እንደገባ አላውቅም።"

ልጅቷ ትኩር ብላ አየችው። "እኔም አላየሁትም። እንዳይቆጡኝ ብዬ ነው።" ቆይታ ደግሞ፣ "ጋሼ፣ ነገም እንፈልገው?" አለችው።

አሁንም "ጋሼ" ነው ያለችው። እጁን ግን አልለቀቀችም።

እናንተስ? ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ትመጣላችሁ። "እግዚአብሔር እዚያ ነው" ትሏቸዋላችሁ፤ ድሮ እናንተ ባያችሁበት በኩል እየጠቆማችሁ። እነሱም "አየነው" ይሏችኋል። እውነት አይተው ነው? ወይስ እንዳትቆጡ ፈርተው? እኛስ፣ መድረክ ላይ የቆምነውም ጭምር፣ ስንቶቻችን ነን ሰው እንዳይቆጣን "አየሁት" ስንል የኖርነው?

ደክሞናል፤ አውቃለሁ። መፈለጉም አድክሞናል፣ ያገኘን መምሰሉ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጭልፋው አልጠፋም ነበር፤ ከተራራው ጀርባ ነበር። ያን ምሽት ግን አባትየው ይህን አላወቀም። የነበረው እውነት "አላየሁትም" የሚል ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሰጣት።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ "የታለ?" ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ካላያችሁት አላየሁትም በሉት። ብቻ ይህን ብላችሁ ወደ ቤት አትግቡ። ብርድ ቢሆንም፣ ቢደክማችሁም፣ እጁን ይዛችሁ ትንሽ አብራችሁት ቁሙ።