አጋም ያልነካት መኪና

አንድ ሰው ነበረ፤ ልብስ ሰፊ። ስሙ ይቅርብህ፤ ዛሬም በሕይወት ስላለ ብጠራው ያፍርብኛል።

አንተ «አዲሷ መኪናዬ ላይ ያን ጥርት ያለ የቀለም መከላከያ ላስቲክ ላስለጥፍባት ወይስ ልተዋት?» ብለህ መጣህ። አርባ ዓመት መኪና ሲቀባ የኖረ ሽማግሌ መጠየቅህ ደግ አደረግህ። እግረ መንገዴን የእናትህን ደኅንነት ብጠይቅህ ደግሞ «መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ መኪናዋን ከገዛሁ ወዲህ አልሄድኩም» አልኸኝ። እሺ። አሁን «አዎ» ወይም «ተው» ብልህ አመስግነኸኝ ትሄዳለህ፤ ጥያቄውም ተከትሎህ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጭ በልና ስለ ልብስ ሰፊው ስማ።

ይህ ሰው በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ መናኸሪያው ጥግ፣ የሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ሃያ ዓመት ሰፋ። የተማሪ ዩኒፎርም በለው፣ የሙሽራ ሱፍ በለው፣ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ በለው፣ በእጁ ያላለፈ የለም። እግሩ ከመርገጫው ሳይነሣ ጸጉሩ ሸበተ። አባቱ ገጠር ነበሩ፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ምላሳቸውን ግን ምንም የማያማቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጅየው በየወሩ በሚኒባስ እየሄደ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም በሄደ ቁጥር «መቼ ነው በገዛ መኪናህ ደጄ የምትገባው?» ይሉታል። የሚቀልዱ ይመስላሉ እንጂ ቀልድ አልነበረም፤ ይመኙት ነበር።

የማይደርስ የለም፣ ገዛ። ደማቅ ሰማያዊ፣ ፊት የምታሳይ መኪና። የመጀመሪያውን ሳምንት በረንዳው ላይ ቆሞ እሷን ሲያይ ዋለ። ደንበኛ መጥቶ «ሱሪዬስ?» ሲለው ዐይኑን ሳይነቅል «ነገ» ይላል። አትሳቅ! አንተም ስትመጣ በመስኮት አይቼሃለሁ፤ ከቆለፍካት በኋላ ሁለት ጊዜ ዞረሃታል። ሃያ ዓመት የጠበቀ ሰው ቢሳሳ አይፈረድበትም።

በስምንተኛው ቀን ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ሥር የተፈናጠረች ጠጠር ኮፈኗን መታችው። የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣባት። ሰውየው ዳር ይዞ አቆመና ወረደ፤ ጣቱን ነጥቧ ላይ አድርጎ ቆመ፤ እንባው መጣ። እኔ በዚህ አልስቅበትም። እንዲህ ያለ ሰው ስንቱን ተቀብያለሁ፤ የቆሰለ ልጁን ሐኪም ቤት እንዳመጣ ነው የሚሆነው።

በማግስቱ ትልቁ ከተማ ሄዶ ያን ላስቲክ አስለበሳት። ባለሙያው ውሃ እየረጨ፣ በለስላሳ መግፊያ እያስተኛ፣ ከኮፈኗ እስከ ኋላ በሯ ሲያለብሳት ልብስ ሰፊው አጠገቡ ቆሞ ስፌቱን ፈለገ። ልማድ አይደል! ጠርዝ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። ስፌት የለውም። «እንዴ! ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ እንዲህ ያለ ልብስ አላየሁም» አለ። ባለሙያው ሳቀና «እንግዲህ ጠጠሩም እሾሁም የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ከሥር ደኅና ይቀመጣል። ልብሱ ሲያረጅ ተልጦ ሌላ ይለበሳል። አንተ ዝም ብለህ ንዳ» አለው።

«ዝም ብለህ ንዳ» ያለውን ያዝልኝ። እሱ አልያዘውም።

ቤቱ ሲደርስ አዲስ ስጋት ጀመረው። ቀድሞ ለቀለሙ ይሳሳ ነበር፤ አሁን ለላስቲኩ መሳሳት ጀመረ። «ይህን የመሰለ ልብስ ጠጠር ይምታው?» ይላል። የወንበሮቹን የፋብሪካ ላስቲክማ ድሮም አልቀደደውም፤ ልጆቹ በፀሐይ ጭናቸው እየተጣበቀበት ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ የሸራ ሽፋን ደረበባት፣ ራሱ በገዛ የስፌት መኪናው ሰፍቶ። ላስቲክ ከቀለሙ ላይ፣ ሸራ ከላስቲኩ ላይ! ወይ ጉድ! ሌላ ሳምንት ቢሰጡት ለሸራውም ጃኬት ያበጅለት ነበር።

አሁን ወደ አባቱ ልውሰድህ። ከአስፋልቱ እስከ አባቱ ግቢ አንዲት ጠባብ መንገድ አለች፤ ግራና ቀኟ የአጋም አጥር ነው። አጋምን ታውቀዋለህ፤ ፍሬው ይጣፍጣል፣ እሾሁ ግን ሥጋ ይዞ ነው የሚወጣው። ያን አጥር አባትየው የተከሉት በተጋቡ ዓመት ነው፤ ሚስታቸው ችግኙን እያቀበሏቸው። ኋላ እየወፈረ፣ ግቢውን ዞሮ እየተያያዘ ሄዶ ዶሮ የማያሾልክ ሆነ። ሽማግሌው ጌሿቸውን፣ ጎመናቸውን፣ ቡናቸውን የሚያሳድሩት በእሱ ነበር። መኪና በመንገዷ ማለፉን ያልፋል፤ ግን ቅርንጫፉ በግራም በቀኝም ሳይዳስሰው አያሳልፈውም።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ወግ አለ። አዲስ በሬም ይሁን በቅሎ፣ አዲስ ሙሽራም ብትሆን፣ ደጅ ገብታ ግቢ ውስጥ ነው የምትመረቀው። መንገድ ላይ አይመርቁም። የመንገድ ምርቃት የአላፊ አግዳሚ ነው ይላሉ።

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ የሄደ ዕለት መኪናዋን አስፋልት ዳር አቁሞ በእግሩ ገባ። «አባባ፣ ገዛሁ!» አለ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ረስተው ከመደቡ ተነሡ።

«የታለች?»

«አስፋልቱ ጋ ናት።»

«እዚያ ምን ትሠራለች? አስገባት እንጂ!»

«አጋሙ ይቧጭራታል፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያንተዋ ግን ሳትጠጋም አለቀሰች!»

«ልብስ እንኳ አልብሻታለሁ፤ የማይታይ ልብስ» አለ ልጅየው።

«ታዲያ ከለበሰች ምን ያስፈራታል?»

«ልብሱ እንዳይቧጨር ነዋ!»

አባትየው አዩት። ከዚያ ልጅየው እየለመነ «እርስዎ እስከ አስፋልቱ ይምጡና ይመርቁልኝ» አላቸው። «በዚህ ጉልበት? ደግሞስ መንገድ ላይ ቆሜ ምን ብዬ ልመርቅ?» አሉ። ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «እሺ፣ ልጄ» አሉ።

ሦስት ወር እንዲሁ ሆነ። እሱ አስፋልት ዳር እያቆመ በእግሩ ይገባል፤ እሳቸው ስለ መኪናዋ አያነሡም። ገባቸው ብሎ ደስ አለው። የሚናገር ሰው ዝም ሲል ደስ የሚለው ሞኝ ብቻ ነው፤ ግን ማን ነግሮት!

በአራተኛው ወር በጎረቤት መልእክት ላኩበት፤ «መንገዱ ተስተካክሏል፤ መኪናህን ይዘህ ግባ» የሚል። ቀበሌው መንገዷን ያስጠረገ መሰለው። ሸራውን ገፈፈ፣ አጠባት፣ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ በጠዋት ነዳ። ከአስፋልቱ ወደ መንገዷ ሲታጠፍ እግሩ ሳያስበው ፍሬን ረገጠ። አጋሙ የለም። በግራም በቀኝም መሬት ለመሬት ተቆርጧል፤ ጉቶው ብቻ ነጭ ነጭ ሆኖ እስከ ግቢው ተሰልፏል።

ቀስ ብሎ ነዳ። አንድም ቅጠል አልነካትም። ግቢው ሲደርስ እዚያም የፊት ለፊቱ አጥር ተከፍቶ ሜዳ ሆኗል፤ መኪናዋ እንደ ልቧ እንድትዞር ተብሎ። የሰው ከብት ገብቶ ጌሾውን እስከ ግንዱ ግጦታል፤ ጎመኑ ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል። ሽማግሌው ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከብት ማባረሪያ በትር ጭናቸው ላይ አጋድመው።

ሲያዩአቸው ተነሡ። ፊታቸው ሁሉ በርቷል። «እንኳን ደኅና መጣችሁ! እንኳን ደኅና ገባች!» እያሉ እያነከሱ መኪናዋን ዞሩአት፤ ጎንበስ ብለው በሯን፣ ጎኗን፣ ኮፈኗን አዩ። «አየህ? አልነካትም! አንዲት ጭረት የላትም! ጎረቤት ላግዝህ ብሎኝ እምቢ አልኩት፤ የልጄን መንገድ ራሴ ነኝ የምጠርግ አልኩት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ እንጂ!»

ቀድማ ያየችው ሚስቱ ናት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ልብስ ሰፊውም እሷ ወዳየችበት አየ። የአባቱ እጆች በጨርቅ ተጠምጥመዋል። ከጨርቁ የተረፈው አብጧል፤ ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው እሾህ ያልተለተለው ቦታ የለም። እውነታቸውን ነው፤ መኪናዋ ላይ አንዲት ጭረት የለም። ጭረቱ ሁሉ እሳቸው ላይ ነበር።

«አባባ... የእማዬን አጥር?» አለ።

«ምን ላድርግ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ፈገግታቸው ሳይጠፋ። «ሳልመርቃት ብሞትስ?»

አለቀሰ። የሃምሳ ዓመት ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሚስቱም አለቀሰች፤ አባትየው ደግሞ «ምን ነካችሁ? በመልካም ቀን!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ግቢው መሐል ቆመው ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅየው ግን እጃቸውን በቀስታ ያዘና «ይቆዩኝ፣ አባባ። ገና አልገባችም» አለ።

ምን እንዳደረገ ልንገርህ። የተቆረጠው አጋም ታች ወንዙ ዳር ተጥሎ ተከምሮ ነበር። መኪናዋን አስነሥቶ ወረደ። ኮቱን አወለቀ። እሾሁን በገጀራ እየነጠለ ጣሪያዋ ላይ ጫነ፣ ኮፈኗ ላይ ጫነ፣ በገመድ ጠፈረው። ሚስቱ ደንግጣ «ኧረ ልብሱ! አበደ እንዴ ይህ ሰው?» ብትለው መለሰላት፦ «ሃያ ዓመት ለኮት ገበር ስሰፋ ኖርኩ። ገበር የሚገባው ኮቱ እንዲለበስ ነው ወይስ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲሰቀል?» እንዲህ ብሎ እሾህ እንደ ጎፈሬ ነስንሳ የምትሄደውን መኪና ዳገቱን አወጣት። ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። ጎረቤቱ መጣ፣ ሌሎችም መጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተከፈተው የግቢው ፊት በደረቅ አጋም ታጥሮ ነበር። ጉቶው ሥር አለውና ክረምት ሲገባ ያቆጠቁጣል፤ እስከዚያ የሞተው የሚመጣውን ይጠብቃል። ላስቲኩ ኮፈኗ ላይ ሁለት ቦታ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ ጎኗ ላይ ደግሞ ጭረት በጭረት ሆኗል። ቀለሟ ከሥር ደኅና ነበር፤ ባለሙያው አልዋሸም።

የመጨረሻውን ሸክም እንደያዘች ደጁን አልፋ ገባች። ሽማግሌው ያን የታሰረ እጃቸውን ከእሾሁ መሐል ኮፈኗ ላይ አሳረፉ። «እሾህ አይንካሽ ልላት ነበር» አሉ፤ «ነካክቷታል። እንግዲህ ወጥታ ትግባ። ወጥታ እዚህ ደጅ ትግባ።» ከዚያም እንትፍ እንትፍ አሉባት። ልብስ ሰፊው ምራቁን አልጠረገውም።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ላስቲኩ እንደ ልብስ ሰፊው ላስቲክ ነው፤ ሥራውን ያውቃል። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ጠጠር ቀለም ላይ ምን እንደሚሠራ ካንተ ይልቅ አውቃለሁና አስለጥፋት እልሃለሁ። ግን ያስለጠፍካት ዕለት ትፈራበት የነበረው መንገድ ውስጥ አስገባት። ለላስቲኩ የምትሳሳ ከሆነ የገዛኸው ሁለተኛ ፍርሃት ነውና ገንዘብህን ያዝ፤ ባዶዋን ትሂድ። ጭረት የሚቀር ነገር አይደለም። ያንተ መኪና ካልተቀበለችው የሚወድህ ሰው ይቀበልልሃል፤ አይነግርህም፤ «እሺ፣ ልጄ» ብሎህ ዝም ይላል።

እናትህ መኪናዋ ለምን እንዳልመጣች በስልክ ሲጠይቁህ መንገዱ ኮረኮንች ነው አልካቸው አይደል? ምን መለሱልህ? «እሺ» አሉ?

ተነሥ እንግዲህ። ዛሬውኑ ሂድ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው ጠጠር ሲለቅሙ እንዳታገኛቸው።